ባቡሩን ቀድሞ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ፦ አሊዲና ቪስራም

በ1863 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው 12 ዓመት አካባቢ የሆነ አንድ ልጅ ከምዕራብ ሕንድ፣ ከኩች ምድር፣ በሸራ መርከብ ተሳፍሮ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ የዚህ ልጅ ስም ከሞምባሳ ወደብ እስከ ካምፓላ፣ ከታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ላይኛው ነጭ አባይ ድረስ ገንዘብን የሚተካ ስም ሆኗል።

ልጁ አሊዲና ቪስራም ይባላል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ታሪኩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን መጥቶ በገዛ ጥረቱ ብቻ ባለጸጋ የሆነ ሰው ተደርጎ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ ልጁ ገንዘብ አልነበረውም። ሆኖም የመጣው ወደማያውቁት ሰዎች አልነበረም። የእስማኢሊያ ሙስሊሞች ማኅበረሰብ አባል ነበርና ከመርከብ ሲወርድ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ማደሪያ የሚሰጡ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋስ የሚሆኑ ሰዎች ጠረፉ ላይ ነበሩ። የዚህን ሰው ሕይወት ለመረዳት ከድፍረቱ በፊት ይህን ዋስትና ማየት ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን በሕንድና በምሥራቅ አፍሪካ መካከል የነበረው ንግድ የሚመራው በነፋስ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ መርከቦችን ወደ ዛንዚባር ያመጣል፤ በክረምቱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ይመልሳቸዋል። የዛንዚባር ሱልጣን የጉምሩክ ገቢ እንኳ ለረጅም ዓመታት በኮንትራት የተያዘው በጃይራም ሺቭጂ የሕንድ ንግድ ቤት ነበር። የቦምቤይ ነጋዴ ለዛንዚባሩ በዱቤ ዕቃ ይልካል፤ የዛንዚባሩ ለባጋሞዮው ያበድራል፤ የባጋሞዮው ደግሞ ቅፍለት እየመራ ወደ መሐል አገር ለሚዘልቀው ሰው አቡጀዴ፣ ዶቃና የመዳብ ሽቦ ያስረክባል። ዕዳው የሚከፈለው ያ ሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የዝሆን ጥርስ አስጭኖ ሲመለስ ነው። በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ ስሙ የገነነው ቲፑ ቲፕ ሳይቀር ስንቅና ዕቃውን የሚያገኘው ታሪያ ቶፓን ከሚባል የዛንዚባር ሕንዳዊ ከበርቴ ነበር።

ትንሹ አሊዲና የገባው በዚህ የዱቤ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ከዛንዚባር ማዶ፣ ዋናው ምድር ላይ በምትገኘው በባጋሞዮ በሴዋ ሃጂ ፓሩ ቤተሰብ ንግድ ቤት ሥራ ጀመረ። ይህ ቤት ለቅፍለቶች ተሸካሚና ዕቃ በማቅረብ የታወቀ ሲሆን፣ ወደ መሐል አፍሪካ የሚጓዙ አውሮፓውያን አሳሾችም ደንበኞቹ ነበሩ። እዚህ የሚሠራ ልጅ ጨርቅ ከመለካትና የዝሆን ጥርስ ከመመዘን ያለፈ ትምህርት ይቀስማል። ከፊቱ የቆመው ሰው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እስከ ኡጂጂ ሄዶ ዕዳውን ሊከፍል የሚመለስ መሆኑንና አለመሆኑን መለየት ይኖርበታል። በየመንገዱ ፍርድ ቤት የለም፣ ፖሊስ የለም። ያለው የሰው ስም ብቻ ነው።

ይህ ንግድ ንጹሕ እንዳልነበር ግን መሸሸግ አይቻልም። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873 ነው፤ ይህም አሊዲና ከመጣ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ቅርንፉዱን የሚለቅሙት እጆች ከዚያም በኋላ ለዓመታት ነጻ አልነበሩም። ሠላሳ ኪሎ ገደማ ጭነት በራሱና በትከሻው ተሸክሞ ለወራት የሚጓዘው ተሸካሚም ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በቅርንፉድ፣ በሰም፣ በማርና በዝሆን ጥርስ የተጀመረው የቪስራም ሀብት ከዚህ ዓለም የወጣ ነው።

ዓመታት አለፉና ቪስራም ከቅጥር ሠራተኛነት ወደ ራሱ ንግድ ተሸጋገረ። ሴዋ ሃጂ በ1897 ሲሞት የዕድሜ እኩያው ቪስራም ዳሬሰላምን፣ ሳዳኒንና ኡጂጂን በመሳሰሉ ቦታዎች ቅርንጫፍ ያለው ሰው ነበር፤ የሟቹም የቅፍለት ንግድ በእጁ ገባ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ብዙ ነጋዴ በዚህ ዕድሜ ያለውን ጠብቆ መኖር ይመርጣል። የቪስራም ታላቁ ውሳኔ የመጣው ግን ገና አሁን ነው።

ሐዲዱና ሱቁ

በ1896 እንግሊዞች ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። ለሥራው ከሕንድ 32 ሺህ ያህል ሠራተኞች መጡ፤ ወደ 2,500 የሚጠጉት ሞቱ። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 መጨረሻ ደግሞ ኪሱሙ ደረሰ፤ ርዝመቱ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የጠረፉ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሐዲዱ እስኪያልቅ ጠበቁ። ቪስራም በተቃራኒው ከሐዲዱ እኩል ተጓዘ፤ አንዳንድ ቦታም ቀደመው። ሠራተኛው ባለበት ሁሉ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ቅቤና ጨርቅ ፈላጊ አለ። በየጣቢያው ሱቅ ከፈተ። ሐዲዱ ሐይቁ ዳር ከመድረሱ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1898 ገደማ፣ ካምፓላ ላይ ሱቅ ነበረው። በቅፍለት ያደገ ሰው በመሆኑ ባቡር ለሌለበት አገር ዕቃ ማድረስ ያውቅበታል፤ ባቡሩ ሲመጣ ምን እንደሚለወጥም ገብቶት ነበር። በተሸካሚ ጀርባ የሚያዋጣው እንደ ዝሆን ጥርስ ያለ ውድ ዕቃ ብቻ ነው። በባቡር ግን ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ቃሪያና ቆዳ ያዋጣሉ። ሻጩም እንግዲህ አዳኙና የቅፍለት አለቃው ብቻ አይደለም፤ ጓሮው ውስጥ ሁለት ቁና ሰሊጥ ያለው ገበሬ ጭምር ነው።

ይህን ስሌት የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ሳያስበው አገዘው። በ1900 በቡጋንዳ መንግሥትና በእንግሊዞች መካከል በተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ ጎጆ በዓመት ሦስት ሩፒ ግብር ተጣለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ አሞሌ ጨው ከብር ጎን ለጎን ይገበያይበት በነበረው በዚያ ዘመን፣ ቡጋንዳ ውስጥ የሚሠራበት ገንዘብ ዛጎል ነበር። ገበሬው ሩፒ ከየት ያምጣ? የቪስራም ሱቆች ሰብሉን በሩፒ ይገዙ ጀመር። ገበሬው በዚያው ሩፒ ግብሩን ይከፍላል፣ የተረፈችውንም እዚያው ሱቅ ውስጥ አቡጀዴ ይገዛባታል። ሩፒ በኡጋንዳ ገጠር የተስፋፋው በመንግሥት አዋጅ ብቻ ሳይሆን በሱቅ ባንኮኒ በኩልም ነው።

በኡጋንዳ የመጀመሪያው ባንክ በኢንቴቤ የተከፈተው በ1906 ነበር። ከዚያ በፊት ደመወዙን ሩቅ ጣቢያ ላይ መቀበል የሚፈልግ የመንግሥት ሹም ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ወደ ቪስራም ሱቅ ነበር። አንድ ግዛት ሹሞቹን ለመክፈል በአንድ ነጋዴ ስም ተደገፈ ማለት ነው።

ልጆቹ

ቪስራም ይህን ሁሉ ሱቅ ብቻውን ሊያስተዳድር አይችልም ነበር። ስልክ የለም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ሩቅ ቅርንጫፍ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። መፍትሔው እሱ ራሱ ያደገበት መንገድ ነበር። ከኩችና ከጉጃራት ወጣቶችን እያስመጣ ያሠለጥናል፣ ከዚያም ዕቃ አስረክቦ ወደ ማያውቁት አገር ይልካቸዋል። እንደዚህ የቀጠራቸው ሕንዳውያን ረዳቶች ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው የራሳቸውን ሱቅ ይከፍታሉ፤ የመጀመሪያ ዕቃቸውንም ከእሱ በዱቤ ይወስዳሉ። ተፎካካሪውን በራሱ ገንዘብ ያቋቁም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አዲስ ሱቅ ለእሱ ጅምላ ንግድ አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ነው።

በስዋሂሊ ሱቅ ዱካ ይባላል፤ ባለሱቁ ሕንዳዊ ደግሞ ዱካዋላ። ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉ የእግር ፈለግን ስለሚያስታውስ በአጋጣሚ ለእነዚህ ሰዎች ይስማማቸዋል። በሐረርና በአዲስ አበባ ስሙ ገንኖ የነበረው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤትም ከዚያው ከምዕራብ ሕንድ የተነሣ፣ በተመሳሳይ የወኪሎች መረብ የሚሠራ ድርጅት ነበር።

ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቪስራም ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ ዞረ። ጎማና ሸንኮራ አገዳ አስተከለ፤ የዘይት መጭመቂያ፣ የለስላሳ መጠጥና የቤት ዕቃ መሥሪያ አቋቋመ፤ ጥጥ የኡጋንዳ ዋና ምርት እየሆነ ሲመጣም ጥጥ መዳመጫዎች ተከለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባዎች ነበሩት። ሁሉም ያተረፉ አይመስልም፤ ነገር ግን ሰውየው ከገዛው ሰብል ላይ የሚገኘው ትርፍ ሌላ ቦታ እንዳይሄድበት ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ ለመያዝ እንደፈለገ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ የቅኝ ግዛቱ ሥርዓት ለማን በር እንደከፈተ፣ ለማንስ እንደዘጋ ማየት ይገባል። ሕንዳውያን ራሳቸው በኬንያ ለም ደጋማ መሬቶች ላይ እንዳይሰፍሩ ተከልክለው ነበር፤ ቪስራምም ከሌላው ከበርቴ ከአሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ጋር ሆኖ በ1900 በሞምባሳ የሕንዳውያን ማኅበር ምሥረታ ላይ ተሳትፏል። ይሁንና ጥጡን ያመረተው የኡጋንዳ ገበሬ ከሕንዳዊውም በታች ነበር። ዱቤ የሚሰጠው ባንክ፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ቦምቤይ ውስጥ አልነበረውም። በ1949 የቡጋንዳ ገበሬዎች ያመፁት ጥጣችንን ራሳችን እንዳምጥ፣ ራሳችን እንሽጥ ብለው ነው። በ1972 ደግሞ ኢዲ አሚን እስያውያንን ከአገር ሲያባርር፣ ቪስራም ካምፓላ ላይ የመጀመሪያውን ሱቅ ከከፈተ ሰባ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የባለሱቁን ድካም ማድነቅና ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው ቅሬታ መረዳት እርስ በርስ አይጣሉም።

ቪስራም በለጋስነቱ ይታወቅ ነበር። ሙስሊም ሆኖ ሳለ ካምፓላ ውስጥ ለሚገኘው የናሚሬምቤ ካቴድራል ሥራ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ለሆስፒታልና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቀይ መስቀልም እንዲሁ።

ስሙ ከሄደ በኋላ

በ1916 ዕድሜው 65 ዓመት ገደማ ሆኖ ለንግድ ወደ ኮንጎ ሄደ። ቅርንጫፎቹን በየጊዜው በአካል እየዞረ የማየት ልማዱን በዚህ ዕድሜም አልተወም ነበር። ከዚያ ጉዞ በያዘው የወባ መሰል ትኩሳት በዚያው ዓመት ሞተ።

ንግዱን ልጁ አብዱልረሱል ተረከበ። ጊዜው ክፉ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የምርት ዋጋ ወደቀ፤ በ1920 እና 1921 የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ሩፒን በሌላ ገንዘብ ሲተኩ በሩፒ የተጻፈ ዕዳና ብድር የነበረው ሁሉ ተናጋ። የቪስራም ቤት ደግሞ ከላይ እስከ ታች በዱቤ የቆመ ነበር። ችግሩ ግን የገበያው ብቻ አይመስልም። በየበረሃው ያለው ወኪል ታማኝ ሆኖ የኖረው፣ አበዳሪውም ሳይጨነቅ የጠበቀው ስለ አንድ ሰው ሲል ነው። ልጅ የአባቱን ሱቅ፣ መርከብና መሬት ይወርሳል። ያ ሰው በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያጠራቀመውን አመኔታ ግን እንደ መሬት በስም ማዛወር አይቻልም።

አብዱልረሱል ለአባቱ መታሰቢያ በሞምባሳ ትምህርት ቤት አሠራ፤ በ1923ም ሞተ። ንግድ ቤቱ ከእሱ በኋላ ጥቂት ዓመት እንኳ አልቆየም። ንብረቱ ተበታተነ፤ የኡጋንዳ የስኳር ኢንዱስትሪም በሌሎች እጅ አደገ፦ ናንጂ ካሊዳስ መህታ በ1924 በሉጋዚ፣ የማድቫኒ ቤተሰብ ደግሞ በ1930 በካኪራ ፋብሪካ ከፈቱ።

በ1937 ሞምባሳ ውስጥ ለአሊዲና ቪስራም ሐውልት ሲቆምለት በስሙ የሚጠራ አንድም ሱቅ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም በውቅያኖሱ ዳር በስሙ እየተጠራ ያስተምራል።