የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሰነዱት ፕሮፌሰር ፒየር ጉዌን

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው አውራ ጎዳና ካራ ቆሬን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳን አልፎ ወልድያ ይደርሳል። እነዚህ ከተሞች የሚገኙት የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ሥፍራ በሚወርድበት ገደላማ ጠርዝ ላይና በአቅራቢያው ነው። ተራሮቹና በመካከላቸው የሚገኙት ለም ሸለቆዎች የተፈጠሩት የመሬት ቅርፊት በተለያዩ ዘመናት እየተሰነጠቀና እየሰመጠ በመሄዱ ሲሆን፣ ሂደቱ ዛሬም አላቆመም። ይህንን ሂደት በመሣሪያ በመከታተልና ያለፈ ታሪኩን ከጽሑፍ ምንጮች በማሰባሰብ ረገድ ስማቸው በቅድሚያ ከሚነሱ ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ፒየር ጉዌን ናቸው።

ፕሮፌሰር ጉዌን ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። የማኅበሩ አባላት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሀገሪቱ ትምህርት መስፋፋት ሰፊ ድርሻ የነበራቸው ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የተደራጀው በዚሁ ማኅበር አባል በሉሲየን ማት መሪነት ነበር። ጉዌን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዚህ ኮሌጅ በመምህርነት አገልግለዋል።

በ1950 ዓ.ም ገደማ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት መርሐ ግብር በበርካታ ሀገሮች ተሳትፎ ሲካሄድ፣ አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ መገኘቷ የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ። ፕሮፌሰር ጉዌን በዚህ አጋጣሚ ተጠቅመው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያውን በኮሌጁ ውስጥ አቋቋሙ። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህልም መርተውታል። በመግነጢስ ልኬታ የተጀመረው ሥራ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ ምዝገባንና የስበት ኃይል ልኬታን አካቷል። የስበት ልኬታውን ያካሄዱት የጂኦሎጂ መምህር ከነበሩት ከፖል ሞር ጋር በመተባበር ሲሆን፣ ዓላማውም ከስምጥ ሸለቆው ሥር የሚገኘውን የመሬት ቅርፊት ባህርይ መረዳት ነበር።

የጣቢያው ፋይዳ በተግባር የተፈተነው በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም ነበር። በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን የማጀቴን ከተማ አፈረሰ። በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደሙ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ ከተራሮች ድንጋይ ተናደ። ንዝረቱ ለወራት ቀጠለ። ፕሮፌሰሩ በአዲስ አበባ የተመዘገበውን መረጃ በሥፍራው ከታየው ጉዳት ጋር በማገናዘብ ክስተቱን በዝርዝር አጠኑ። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም በአፋር የሰርዶ መንደር በተመሳሳይ አደጋ ስትፈርስና የሰው ሕይወት ሲጠፋም፣ ክስተቱን መዝግበው ለትውልድ አቆይተዋል።

ይሁን እንጂ የመሣሪያ ምዝገባ የሚናገረው ስለ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። አንድ አካባቢ በብርቱ የሚናወጠው በብዙ አሥርት ወይም በመቶዎች ዓመታት ልዩነት ሊሆን ስለሚችል፣ መሣሪያ ያልመዘገበው ሥፍራ ሥጋት የለበትም ማለት አይቻልም። በመሆኑም ፕሮፌሰር ጉዌን ፊታቸውን ወደ ታሪክ መለሱ። የነገሥታት ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎችን መርምረው፣ ስለ መሬት መናወጥ የተነገረውን ሁሉ ከቦታውና ከዘመኑ ጋር አዛመዱ። የጉዳቱን መጠን ሲገምቱም ቤቶቹ ከድንጋይ፣ ከጭቃ ወይስ ከእንጨት እንደተሠሩ ግምት ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው፤ ደካማ ግድግዳ በመጠነኛ ንዝረትም ይወድቃልና።

የዚህ ድካም ውጤት የሆነው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ በ1979 በካናዳ የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ታተመ። በ1835 ዓ.ም በአንኮበር የደረሰው መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት፣ እንዲሁም በነሐሴ 1898 ዓ.ም አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የላንጋኖ አካባቢ ብርቱ መንቀጥቀጥ በመጽሐፉ በዝርዝር ከተጠኑት መካከል ናቸው። ፕሮፌሰሩ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላም ይህንኑ ዘዴ ለኩቤክ ግዛት ተጠቅመው፣ እ.ኤ.አ በ2001 ተመሳሳይ ጥናት አሳትመዋል።

ፕሮፌሰር ጉዌን ካረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያቋቋሙት ጣቢያ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሥራውን ቀጥሏል። የሰበሰቡት መረጃም የሀገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ለሚያሰሉ ባለሙያዎች መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ ሀገሪቱን በሥጋት ደረጃ ከፋፍሎ ሕንፃዎች ንዝረትን በመቋቋም ረገድ ሊያሟሉ የሚገባቸውን መስፈርት መደንገጉ፣ እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አለመሆኑን በ2017 ዓ.ም በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አስታውሷል። በወቅቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው እንዲነሱ ተደርጓል። ማጀቴ የፈረሰችበትን ሌሊት የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በደጋው ጠርዝ ላይ የሚገኙ ከተሞች ሰፍተዋል፤ ወልድያም የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ለመሆን በቅታለች። ሰው የረሳውን መዝገብ ይዞት ይገኛል። በመሆኑም በወልድያ፣ በመርሳና በመሰል ከተሞች መሬት የሚሰጥ፣ ፕላን የሚያጸድቅ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርምና ግንባታ የሚቆጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የቁልቁለቱን ሁኔታ፣ የአፈሩን ዓይነትና የአካባቢውን የመናወጥ ታሪክ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ፕሮፌሰር ጉዌን ዕድሜያቸውን የሰጡለት መዝገብ ጥቅም የሚሰጠው ከመደርደሪያ ወርዶ በውሳኔ ሰጪዎች ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ነው።