የመርከቧ ሰው፦ አስማእ ቢንት ዑመይስ

 

ባለፈው ሳምንት እዚህ ውጫሌ፣ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጅቷ ባሕር ተሻግራ ዐረብ አገር ስትሠራ 9 ዓመት ቆይታ በቅርቡ የተመለሰች ናት። በሰው ማጀት ውስጥ ብቻዋን ጾማ ብቻዋን ታፈጥር እንደነበር፣ ተራዊሕ የሚባል ነገር በእነዚያ ዓመታት እንዳልቆመች አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። እኩዮቿ እዚህ ሆነው ቁርኣን አኽትመዋል፤ አንዳንዶቹ ኪታብ ጀምረዋል። እሷ በእነሱ ተቀድማ መቅረቷን ማወቅ ፈለገች። እኔም ፈትዋ ከመስጠት ይልቅ የአንዲት ሶሐቢያን ታሪክ አወራኋት። እናትዬው ታሪኩን ለጋዜጣው እንድጽፈው ስለጠየቁኝ ይኸው።

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የኸሥዐም ጎሳ ልጅ ናቸው። በእናታቸው በሂንድ ቢንት ዐውፍ በኩል እህቶቻቸው ብዙ ነበሩ፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት መይሙና፣ የዐባስ ባለቤት ኡሙል ፈድል፣ የሐምዛ ባለቤት ሰልማ። አስማእ ራሳቸው የነቢዩን የአጎት ልጅ፣ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን አገቡ። ባልና ሚስቱ እስልምናን የተቀበሉት ነቢዩ በአል-አርቀም ቤት ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት ነው፤ እጅግ ከቀደሙት መካከል ናቸው ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ቁረይሾች በሙስሊሞች ላይ መከራውን ሲያበዙ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። የመጀመሪያው ጥቂት ሰው እ.ኤ.አ. በ615 ተሻገረ። ጀዕፈርና አስማእ በሁለተኛው ዙር ነበሩ፤ ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች ያሉበት ጉዞ። አስማእ ያኔ ገና ልጅ ያልወለዱ ወጣት ሙሽራ ነበሩ። ያ ባሕር ዛሬም የእኛ ልጆች የሚያልፉበት ባሕር ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። ከምፅዋ ፊት ለፊት የዳህላክ ደሴቶች አሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የበኒ ኡመያ ገዢዎች ሰው እንዲረሳላቸው የፈለጉትን ሁሉ ወደዚያ ያግዙ ነበር። ለዐረቦች የዓለም ዳርቻ እዚያ ነበር። እነ አስማእ ግን በዚህ ዳርቻ መጠጊያ አገኙ።

ጀዕፈር በነጃሺ ፊት ቆመው ከሱረቱ መርየም የቀሩትን፣ ንጉሡም ያለቀሱትን ልጆቻችሁም ያውቁታል፤ አልደግመውም። የሚነገረው የዚያ የአንድ ቀን ታሪክ ሲሆን፣ የቀሩት ዓመታት ግን የአስማእ ናቸው። በሰው አገር ቤት አቆሙ። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድ እና ዐውን። ከስደተኞቹ ልጆች በሐበሻ ምድር መጀመሪያ የተወለደው ዐብደላህ እንደሆነ ይነገራል።

በዚህ መካከል ብዙ ነገር አመለጣቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲገቡ አስማእ አልነበሩም። የረመዳን ጾም ግዴታ የሆነው በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው፤ እሳቸው ከባሕር ማዶ ነበሩ። በዚያው ዓመት ረመዳን 17 በድር ሆነ። ኡሑድ ሆነ፣ ኸንደቅ ሆነ። ቁርኣን ሲወርድ የሚሰሙት ሌሎች ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ከመንገደኛ ጋር፣ ከወራት በኋላ ነው።

የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 628) ነው። ነጃሺ በሁለት መርከቦች አሳፍረው ሸኟቸው። ነፋስ ወደ ሐበሻ ጥሏቸው ከጀዕፈር ጋር የቆዩት የየመኑ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ወገኖቻቸውም አብረው መጡ። ሲደርሱ ኸይበር ገና መከፈቷ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀዕፈርን አቅፈው በዓይኖቹ መካከል ሳሙት፤ ከኸይበር መከፈትና ከጀዕፈር መምጣት በየትኛው ይበልጥ እንደተደሰቱ እስኪቸግራቸው ድረስ ነበር ደስታቸው።

ግን ሁሉም ሰው እንዲያ አልተቀበላቸውም። አንድ ቀን አስማእ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ገቡ። ማን እንደሆኑ ጠየቁ፤ ሲነገራቸውም ይህች ሐበሻዪቱ፣ የባሕሯ ሴት ናት ወይ አሉ። አስማእ አዎን አሉ። ዑመርም እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል፣ ለነቢዩም ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን የሚል ቃል ተናገሩ። በክፋት ያሉት አይመስለኝም፤ ዑመር የልባቸውን ሳይደብቁ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ስለዚያ ሁሉ ዓመት ለተሰደደች ሴት ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

አስማእ ተቆጡ። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅና በተጠላ ምድር ነበርን፣ ያውም ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል፣ በማለት መለሱላቸው። (እኛ ሐበሾች ይህ ቅር እንዳይለን። ዑለማዎች እንዳብራሩት ርቀቱ የዘር፣ ጥላቻውም የሃይማኖት ነው፤ ነጃሺማ በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ሲሞቱ ነቢዩ በመዲና ሆነው የጀናዛ ሶላት ሰግደውላቸዋል።) ከዚያም ነገሩን ለነቢዩ ሳይነግሩ እህል ውሃ እንደማይቀምሱ፣ ሲነግሩም እንደማይዋሹና እንደማይጨምሩበት ማሉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ አስማእ የተባለውን እንዳለ ነገሩ። ምን ብለሽ መለስሽለት ተብለው ሲጠየቁም የራሳቸውን መልስ ተናገሩ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ ዑመር ከእናንተ ይበልጥ ለእኔ የሚቀርብ አይደለም፣ እሱና ጓደኞቹ አንድ ሒጅራ አላቸው፣ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት አላችሁ የሚል። አቡ ሙሳና የመርከቧ ሰዎች ይህን ከሰሙ በኋላ በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አስማእ ይመጡ ነበር። ቃሉን ደግመው እንዲነግሯቸው ይጠይቃሉ፤ ሰምተው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ። በዱንያ ላይ እንደዚያ ያስደሰታቸው ነገር አልነበረም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ጀዕፈር ዛሬ ዮርዳኖስ በሚባለው አገር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ፤ ሰንደቁን እንደያዙ ሁለት እጆቻቸው ተቆርጠው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አስማእ ቤት ሲመጡ እሳቸው ሊጡን አቡክተው፣ ልጆቹን አጥበውና ቀብተው አባታቸውን እንደሚጠብቅ ሰው ሆነው ነበር። ነቢዩ ልጆቹን አስጠርተው እያሸተቷቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስማእ ሳይነገራቸው ገባቸው። ከዚያም ነቢዩ ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው፣ ሐዘን እንደያዛቸው ለቤተሰባቸው ተናገሩ። እኛም በወሎ ለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ተሸክመን የምንሄደው በዚህ ሱና ላይ ነው።

በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገቧቸው። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ለመሰናበቻው ሐጅ ሲወጡ ዙልሑለይፋ ላይ ልጃቸውን ሙሐመድን ወለዱ። ነቢዩም ታጥበው ኢሕራም እንዲያደርጉ አዘዟቸው፤ አራስ ሴት ለሐጅ ምን እንደምታደርግ ዑለማዎች ያወቁት ከዚህ ነው።

በ11ኛው ዓመት የነቢዩ ልጅ ፋጢማ ታመሙ። የሴት ሬሳ በአንድ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ እየታየ መወሰዱን ይጠሉት ነበር። አስማእ በሐበሻ ያዩትን አሳዩዋቸው፤ እርጥብ የዘንባባ ዘንጎች አጉብጠው በቃሬዛው ላይ አደረጉና ጨርቅ ጣሉበት። ፋጢማ ወደዱት። የሞቱትም በረመዳን በ3ኛው ቀን እንደሆነ ይነገራል፤ አስማእ ከዐሊ ጋር ሆነው አጠቧቸው፣ በዚያው በሐበሻው ቃሬዛ ተሸኙ።

አቡበክር በ13ኛው ዓመት ሲሞቱ በኑዛዜያቸው መሠረት ያጠቧቸው አስማእ ናቸው። ቀኑ እጅግ ብርዳማ ነበር፤ እሳቸውም ጾመኛ ነበሩ። ጨርሰው ሲወጡ እዚያ የነበሩትን ሶሐቦች በእሳቸው ላይ መታጠብ ይኖርባቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ የለብሽም ተባሉ።

ከዚያ ዐሊን (ረ.ዐ) አገቡ። አንድ ቀን የጀዕፈር ልጅ ሙሐመድና የአቡበክር ልጅ ሙሐመድ በአባቶቻቸው ሲፎካከሩ ዐሊ ፍረጂ አሏቸው። አስማእ ከወጣት ጀዕፈርን፣ ከጎልማሳ አቡበክርን የሚበልጥ እንዳላዩ ተናገሩ። ዐሊም ለእኛ ምንም አላስቀረሽልንም ብለው ቀለዱ። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ሳቀች።

መጨረሻቸው ግን ሐዘን ነበረበት። በ38ኛው ዓመተ ሒጅራ የአቡበክር ልጅ ሙሐመድ በግብፅ ተገደለ። ወሬው ሲደርሳቸው ወደ መስገጃቸው ገብተው ቁጣቸውን ዋጡት ይባላል። በሐበሻ የተወለደው ዐብደላህ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ በልግስናው የተነሣ ሰዎች የቸርነት ባሕር ይሉት ነበር።

ልጅቷ በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አስማእ ሐበሻ ስንት ዓመት እንደቆዩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድም አልኳት። በጣቷ ቆጠረችና እናቷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ ተራዊሕ ላይ በሴቶቹ በኩል መጥታ እንደነበር እናትዬው ነገሩኝ።