ስለ ስኮትላንድ ንግሥት ስለ ሜሪ ስቱዋርት የመርፌ ሥራ

የእጅ ሥራ ለድኻ እንጀራ ነው፤ ለባለጸጋ ጌጥ ነው፤ ለእስረኛ ግን ወዳጅ ነው። ወዳጅ በመከራ ቀን እንዲታወቅ፣ የጥልፍ ሥራም ምን ያህል እንደሚያጽናና በሐዘን ጊዜ ይታወቃል። ለዚህ ነገር ምስክር ትሆነን ዘንድ፣ በሕፃንነቷ ንግሥት ተብላ፣ በጐልማሳነቷ ዘውዷን አጥታ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል በሰው አገር በግዞት የኖረችውን የሜሪ ስቱዋርትን ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን። የጦርነቱንና የመንግሥቱን ነገር ብዙዎች ጽፈውታልና፣ እኛ መርፌዋን ተከትለን እንሄዳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ በዲሴምበር 8 ቀን 1542 ዓ.ም. በሊንሊትጎ ቤተ መንግሥት ተወለደች። አባቷ ንጉሥ ጄምስ 5ኛ በተወለደች በስድስተኛው ቀን ስለ ሞተ፣ ገና በመጠቅለያ ጨርቅ ሳለች መንግሥት ወደቀባት። በ1548 ዓ.ም. በአምስት ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ተላከችና ከንጉሡ ልጆች ጋራ አደገች። በዚያም ቋንቋና ዜማ እንደ ተማረች ሁሉ የመርፌ ሥራም ተማረች፤ በ1551 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ትለማመድበት ዘንድ የተፈተለ ሱፍ ተገዝቶላት ነበር። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ጥልፍ ካላወቀች ትምህርቷ እንደ ጐደለ ይቈጠር ነበር።

በ1558 ዓ.ም. የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ ፍራንሷን አገባች። እርሱም በነገሠ በሁለተኛው ዓመት ሞተና ሜሪ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት መበለት ሆነች። በ1561 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳ መግዛት በጀመረች ጊዜ፣ ከአማካሪዎቿ ጋራ ለምክር ስትቀመጥ ጥልፏን በእጇ ይዛ እየሰፋች ትሰማ እንደ ነበረ የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ አገሩ ጽፏል። ጆሮዋ ከመኳንንቱ፣ ዓይኗ ከመርፌው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣባት መከራ ፈጣን ነው። በ1565 ዓ.ም. ሎርድ ዳርንሌን አገባች፤ በ1566 ዓ.ም. ልጇ ጄምስ ተወለደ፤ በ1567 ዓ.ም. ባሏ ተገደለ። በዚያው ዓመት ቦዝዌል የተባለው መኰንን ከነጭፍሮቹ በመንገድ ጠብቆ ወደ ደንባር ምሽግ ወሰዳት፤ ጥቂት ቈይቶም አገባት። ፈቅዳ ነው ወይስ ተገድዳ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። በቋንቋችን መጥለፍ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ይነገራል፤ ለነጣቂም ለባለ መርፌም ይሆናል። የዚህች ሴት ዕድል ሁለቱንም ፍች የያዘ ይመስላል።

መኳንንቱ በተነሡባት ጊዜ በሎክሌቨን ሐይቅ መካከል ባለው ግንብ ታሰረች። በዚያም ከለመነቻቸው ነገሮች አንዱ ክርና ሐር፣ የጥልፍም ንድፍ የሚነድፍላት ሠራተኛ ነበር። ዘውዷን ለአንድ ዓመት ልጇ እንድትለቅ ያስገደዷትም በዚሁ ግንብ ነው። በሜይ 1568 ዓ.ም. ከእስር አመለጠች፤ ሠራዊቷ ግን በላንግሳይድ ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ ዘመዷ ንግሥት ኤልሳቤጥ ትረዳኛለች ብላ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። ኤልሳቤጥም ሜሪ ለእንግሊዝ ዙፋን የዘር መብት ስላላት ፈርታ አልለቀቀቻትም።

በ1569 ዓ.ም. ሜሪ ለሽሩስበሪው ጌታ ለጆርጅ ታልቦት በአደራ ተሰጠች። የእርሱ ሚስት ሃርድዊክ የተወለደችው ወይዘሮ ቤስ ራሷ ጥልፍ ወዳድ ነበረችና፣ እስረኛይቱና የጠባቂዋ ሚስት በአንድ ክፍል ተቀምጠው ንድፍ እየመከሩ አብረው ይሰፉ ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ክሩ እኩል የሆነ የተልባ እግር ጨርቅ በመወጠሪያ ይወጠራል። ንድፍ ዐዋቂው ኮንራድ ጌስነር የተባለው የስዊስ ሊቅ ካሳተመው የእንስሳት መጽሐፍ ሥዕሉን ቀድቶ በቀለም ይነድፍበታል። ከዚያ በኋላ ሰፊዪቱ ክር እየቈጠረች በጥቃቅን ሰያፍ ስፌት ወይም በመስቀል ስፌት፣ ጨርቁ እስከማይታይ ድረስ፣ በሐር ትሞላዋለች። የተፈጸመው ሥዕል ተቈርጦ በአረንጓዴ ከፋይ ላይ ይሰፋል። ስፌቱን ሕፃን ልጅ ልትማረው ትችላለች፤ ጥበቡ ያለው በትዕግሥትና በቀለም ምርጫ ነው። ቍራጩም ትንሽ ስለ ሆነ፣ ከግንብ ወደ ግንብ ለምትዛወር እስረኛ ይስማማል።

በዚያው ዓመት ኒኮላስ ኋይት የተባለ የኤልሳቤጥ ሹም ሊጐበኛት መጥቶ፣ ዝናም በሚዘንምበትና ወደ ውጭ መውጣት በማይቻልበት ጊዜ በምን እንደምትቈይ ጠየቃት። እርሷም ቀኑን ሙሉ በመርፌ እንደምትሠራ፣ የቀለሙ ልዩ ልዩ መሆን ሥራውን እንደሚያቀልላት፣ ሕመም እስኪያስተዋት ድረስም እንደማትተው ነገረችው። ጥልፍ የሞከረ ሰው ሁሉ የዚህን ቃል እውነተኛነት ያውቃል። አንዱ ቅጠል ሳያልቅ ሌላው ቅጠል ይጠራል፤ ሰዓቱም ሳይታወቅ ያልፋል።

ነገር ግን የሜሪ ጥልፍ ሰም ብቻ አልነበረም፤ ወርቅም ነበረበት። በአንዱ ጨርቅ ላይ ቀይ ድመት ከአይጥ ጋራ ጠልፋለች። የኤልሳቤጥ ጠጕር ቀይ መሆኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ድመቲቱ ማን እንደ ሆነች፣ አይጢቱም ማን እንደ ሆነች ለመፍታት አልቸገራቸውም። ለኖርፎክ መስፍን የላከችለት የትራስ ልብስ ግን ከዚህ የከፋ ነገር አመጣ። በእርሱ ላይ ከሰማይ የወጣች እጅ በማጭድ የወይን ሐረግ ስትገርዝ ይታያል፤ በላቲንም በጎነት በቍስል እንደሚለመልም የሚያመለክት ቃል አለበት። መርማሪዎቹ ፍሬ የሌለው ቅርንጫፍ ይቈረጥ፣ ፍሬ ያለው ይለምልም ማለት ነው ብለው ፈቱት። መስፍኑ ሜሪን ለማግባት በማሰቡና በሤራ ተከሶ በ1572 ዓ.ም. ተገደለ፤ ትራሱም በምርመራው ተነሥቶ ነበር። መርፌ ትንሽ ብትሆንም የተናገረችው አይደመሰስም።

በዚያው መርፌ እርቅም ሞክራበታለች። በ1574 ዓ.ም. ቀይ ሳቲንና የብር ክር አስመጥታ፣ የሐሩንም ቀለም ናሙና ልካ አስመርጣ፣ ለኤልሳቤጥ የውስጥ ቀሚስ ጠልፋ ላከችላት። ኤልሳቤጥ ስጦታውን በደስታ ተቀበለች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

በ1586 ዓ.ም. በቻርትሌ ዕቃዋ ሲቈጠር 52 አበቦች፣ 124 አዕዋፍ፣ 52 ዓሦች በጥልፍ ተሠርተው ተገኙ፤ ከአበቦቹም ገና ያልተቈረጡ ነበሩባቸው። በዚያው ዓመት በኤልሳቤጥ ሕይወት ላይ በተደረገ ሤራ ተከሳ ተፈረደባት፤ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 ዓ.ም. በፎዘሪንጌ ግንብ በ44 ዓመቷ አንገቷን ተቈረጠች። በመጨረሻዋ ሰዓት ዓይኗን የሸፈኑበት ነጭ ጨርቅ በወርቅ የተጠለፈ እንደ ነበረ ይነገራል። ልጇ ጄምስ በ1603 ዓ.ም. የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰ፤ በ1612 ዓ.ም. ዐፅሟን ወደ ዌስትሚንስተር አፈለሰ።

እርሷ ከሞተች በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ልጃገረዶች ሥዕሉን ለብቻው ሠርቶ በጨርቅ ላይ የማኖርን ልማድ ወደ ሌላ ደረጃ አደረሱት። ከሥር ሱፍ እየጠቀጠቁ፣ በመርፌ የተሠራ ዳንቴል በቀጭን ሽቦ እየደገፉ፣ አበባውና ሰው ከጨርቁ ተነሥቶ የሚቆምበትን ጥልፍ ይሠሩ ነበር። ማርታ ኤድሊን የምትባል ልጅ በ1668 ዓ.ም. በስምንት ዓመቷ የመለማመጃ ጨርቅ ጠልፋ፣ በ1671 ዓ.ም. በጥልፍ ያጌጠ ሣጥን ፈጸመች። ሁለቱም ሥራዎቿ እስከ ዛሬ አሉ።

የሜሪና የቤስም ሥራ በኖርፎክ አውራጃ ባለው በኦክስበርግ ቤት ስም የኦክስበርግ መጋረጃዎች ተብሎ ተጠብቋል፤ ስሟን የሚያሳዩ ፊደላትም አሉበት። እኛ ንጽሕት ነበረች ወይም በደለኛ ነበረች ብለን ለመፍረድ አልጻፍንም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ግን ልብ በል፤ ያወረሷትን ዘውድ ሰዎች ወሰዱባት፤ በገዛ እጇ የተማረችውን ጥበብ ግን የሎክሌቨን ውኃም የእንግሊዝም ግንብ ሊወስድባት አልቻለም። ስለዚህ ልጆችህ መርፌ ሲይዙ ባየህ ጊዜ ሥራ ፈቱ አትበል፤ በክፉ ቀን የማይከዳቸውን ወዳጅ በመልካም ቀን እያበጁ ነውና።