ከትራስ ስር ያለው መጽሐፍ፦ ዶስቶየቭስኪ አራቱን የእስር ዓመታት እንዴት አለፈ?



ዛሬ ታሪኩን ይዘንላችሁ የመጣነው ሰው ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። «ወንጀልና ቅጣት»ን የጻፈው ሩሲያዊው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በረጅም ጺሙና በወፋፍራም መጽሐፎቹ ነው። ዛሬ ግን ስለ ልቦለዶቹ ብዙ አናወራም። የምናወራው ስለ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው እግር ብረት ገብቶለት፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ እንኳን ሳይደርሰው ሲኖር ውስጡ እንዳይሞት የሚያደርገው ምንድን ነው?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቀኖቹ ደግሞ ሩሲያ ያኔ ትጠቀምበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ነው የተጻፉት።)

የሐኪሙ ልጅ

ዶስቶየቭስኪ በ1821 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የድሆች ሆስፒታል ሐኪም ስለነበሩ ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። የታመመና የተቸገረ ሰው ማየት የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው ማለት ነው። በ15 ዓመቱ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቱም ሞቱ። እሱ በዚያን ጊዜ ፒተርስበርግ፣ ወታደራዊ የምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር።

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያዘ። ልቡ ግን ጽሑፍ ላይ ስለነበር በ1844 ሥራውን ለቀቀ። በ1846 «ድሆች» የተባለው የመጀመሪያ ልቦለዱ ሲወጣ የከተማዋ ሃያስያን ጉድ አሉ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። በአንድ ጀንበር ዝነኛ ሆነ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገር የመጣው። ዓርብ ዓርብ ማታ ፔትራሼቭስኪ በሚባል ሰው ቤት የሚሰበሰቡ ወጣቶች ነበሩ። የተከለከሉ መጻሕፍት ይዋዋሳሉ፣ ስለ ሳንሱር ያወራሉ፣ ገባር ገበሬዎች ነፃ ይውጡ እያሉ ይከራከራሉ። ዶስቶየቭስኪም ከእነሱ ጋር ሆኖ፣ ሃያሲው ቤሊንስኪ ለደራሲው ጎጎል የጻፈውን የተከለከለ ደብዳቤ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። በመካከላቸው ግን የመንግሥት ሰላይ ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 1849 ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ወሰዱት። 27 ዓመቱ ነበር።

ስምንት ወር ለብቻ

መጀመሪያ ያሰሩት በፒተርስበርግ ታዋቂ ምሽግ ውስጥ፣ ለብቻው ነው። ክፍሉ እርጥበታም ነው፣ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። ምርመራው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መጽሐፍና ወረቀት ተፈቀደለት።

ታዲያ በዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ጻፈ ብትሉን፣ ስለ እስር አይደለም። በጋ ላይ፣ በገጠር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍቅር ስለያዘው አንድ ትንሽ ልጅ ነው የጻፈው። ርዕሱ «ትንሹ ጀግና» ይባላል። ከዶስቶየቭስኪ ሥራዎች ሁሉ ፀሐይ የሞላበት ነው ማለት ይቻላል። ሰውነቱ የትም መሄድ ባይችልም ሐሳቡ ግን ከግድግዳው ውጪ ይውል ነበር።

አደባባዩ

ዲሴምበር 22 ቀን 1849 ጠዋት እስረኞቹን በሠረገላ ጭነው ሴሚዮኖቭስኪ ወደሚባለው አደባባይ ወሰዷቸው። በረዶ ነው፣ ሕዝብ ተሰብስቧል፣ ወታደር ተሰልፏል። የሞት ፍርድ ተነበበላቸው። ነጭ የመሞቻ ልብስ አለበሷቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ከእንጨት ምሰሶ ጋር አሰሯቸው። ዶስቶየቭስኪ ተረኞቹ ሦስቱ ውስጥ ነበር። ለመኖር የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች መሰሉት።

ጠመንጃው ተነጣጥሮ እያለ ከበሮ ተመታ። ንጉሡ ምሕረት አድርገዋል ተባለ። ለካ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀ ትያትር ነው! ፍርዱ ለዶስቶየቭስኪ የአራት ዓመት የግዞት ጉልበት ሥራ፣ ከዚያም ተራ ወታደርነት ሆኖ ተቀየረ።

እዚህ ጋ ቆም ብለን አንድ ነገር እንበል። ያን ቀን ምሰሶው ላይ ከታሰሩት አንዱ ግሪጎሪየቭ የሚባል መኮንን ነበር። አእምሮው ተነካ፣ ወደ ጤናውም አልተመለሰም። ዶስቶየቭስኪ ደግሞ በዚያው ቀን ለወንድሙ ለሚካኤል ደብዳቤ ጻፈ፤ ሕይወት ያለችው በውጭ ሳይሆን በውስጣችን ነው የሚል መንፈስ ያለው፣ በተስፋ የተሞላ ደብዳቤ።

ታዲያ አንዱ ጀግና፣ ሌላው ደካማ ነበር ማለት ነው? እኛ እንደዚያ አናስብም። ሰውን እንዲህ ማሰቃየት ማንንም ሊሰብር ይችላል። የተሰበረ ሰው ስለሰነፈ አይደለም የተሰበረው። የዶስቶየቭስኪን ቀጣይ ታሪክ በደንብ ካያችሁት ደግሞ በራሱ ጥንካሬ ብቻ እንዳልተረፈ ይገባችኋል።

የቶቦልስክ ሴቶች

በገና ዋዜማ ሌሊት እግር ብረት አስገብተው፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ ወደ ሳይቤሪያ ላኩት። መንገድ ላይ ቶቦልስክ በምትባል ከተማ ጥቂት ቀን አረፉ። እዚያ ነው ከእነዚያ ሴቶች ጋር የተገናኘው።

ሴቶቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1825 በንጉሡ ላይ ተነስተው የተጋዙ መኳንንት ሚስቶች ናቸው። ሀብታቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ ቤታቸውን ትተው ባሎቻቸውን ተከትለው ሳይቤሪያ ገብተዋል። ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አዲስ እስረኞች መጡ ሲባል ጠባቂዎቹን ለምነው ገቡ። አንድ ሰዓት ያህል አብረዋቸው ቆዩ፣ ስለሚጠብቃቸው ሕይወት መከሯቸው፣ ምግብና ልብስ ሰጧቸው። ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ አዲስ ኪዳን አደሏቸው። በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ደግሞ አሥር ሩብል ተደብቋል።

በእስር ቤቱ የተፈቀደው መጽሐፍ ያ ብቻ ነበር። ዶስቶየቭስኪ አራት ዓመት ሙሉ ትራሱ ስር አድርጎ ተኛበት።

ኦምስክ

ኦምስክ የገባው በጃንዋሪ 1850 ነው። ግማሽ ጭንቅላቱን ላጩት። የእስረኛ ልብስ አለበሱት። መኝታው የበሰበሰ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ባዶ መደብ ላይ ነው። በክረምት ይበርዳል፣ በበጋ ያፍናል። ትኋንና ቅማሉን ተዉት። እግር ብረቱ ቀንም ማታም አይወልቅም። አዛዡ ሻለቃ ደግሞ በትንሽ በትልቁ የሚያስገርፍ ሰው ነበር።

ከሁሉ የከፋበት ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ አብዛኞቹ እስረኞች ገበሬዎች ስለነበሩ የጌታ ልጅ ነው ብለው ጠሉት። ሁለተኛ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳን ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲያለቅስም ሰው መሐል ነው። ብቸኝነት ይከብዳል እንላለን፤ ለብቻ መሆኛ ማጣትም እንደሚያሳብድ የተረዳው እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ከወንድሙ አንድም ደብዳቤ አልደረሰውም። ተረስቻለሁ ብሎ ያስብ ነበር። በኋላ ስለነዚያ ዓመታት ሲጽፍ በሕይወት እያለ የተቀበረ ሰው ዓይነት ኑሮ እንደነበር ገልጾታል።

ታዲያ በምን ቆመ?

አንዱ ሥራ ነው። በኢርቲሽ ወንዝ ዳር ጡብ ይሸከማል፣ የጄሶ ድንጋይ ይወቅጣል፣ በረዶ ይጠርጋል። ሥራው ከባድ ቢሆንም ሰውነቱን እንደሚጠብቅለት ገባው። ከወንዙ ማዶ ሰፊው ሜዳ ስለሚታይም ዓይኑ ትንሽ ያርፍ ነበር። ሰውን ለመጨረስ ከፈለጋችሁ ምንም ትርጉም የሌለው ሥራ ስጡት የሚል ሐሳብ ኋላ የጻፈው ከዚሁ ልምድ ነው። ውሃ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው፣ መልሶ ደግሞ ወደመጀመሪያው ማጋባት ዓይነት ነገር። ሌሎቹ እስረኞችም ማታ በሩ ሲቆለፍ በድብቅ ጫማ ይሰፉ፣ ልብስ ይጠግኑ ነበር። ያ የራሳቸው ሥራ ባይኖር እርስ በርሳቸው ይበላሉ ነበር ባይ ነው።

ሁለተኛው ትዝታ ነው። አንድ ፋሲካ ላይ እስረኞቹ ሰክረው ይደባደባሉ፣ አንዱን ራሱን እስኪስት ደብድበውታል። ዶስቶየቭስኪ ጥላቻ አንገቱ ድረስ ሞላው። ሄዶ መደቡ ላይ ተጋደመና ዓይኑን ጨፈነ። ድንገት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ገጠር ውስጥ፣ ተኩላ መጣ የሚል ድምፅ የሰማ መስሎት የደነገጠበት ቀን ትዝ አለው። ያን ጊዜ እየሮጠ ሄዶ የተጠጋው ማሬይ የሚባል ገባር ገበሬ ጋ ነበር። ማሬይ እርሻውን አቁሞ፣ አፈር በነካው ጣቱ የልጁን ፊት ዳሰስ አድርጎ፣ አማትቦበት፣ እስኪርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። በቃ ይህችው ናት። ማንም ያላያት፣ ማንም ያላመሰገነበት ደግነት።

ከመደቡ ሲነሳ ግን ዙሪያውን ያሉትን ሰዎች የሚያይበት ዓይን ተቀየረ። ያ ፊቱ የጠቆረ ሰካራም ማሬይ ሊሆን ይችላላ! ልቡን ማን ያውቃል? ይህን ታሪክ በ1876 ጽፎታል። መደቡ ላይ ተጋድሞ ያለፈ ሕይወቱን አንድ በአንድ ማስታወስ ልማዱ እንደነበርም እዚያው ነግሮናል።

ሦስተኛው ሰው ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ትሮይትስኪ በታመመ ጊዜ አስተኝቶ ያሳርፈው ነበር። መጻፍ ክልክል ቢሆንም እዚያ የእስረኞቹን አባባል እየቀነጫጨበ እንዲጽፍ ዝም አለው። ያቺ ማስታወሻ ደብተር ዛሬም አለች። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንዲት አሥር ዓመት የምትሆን ልጅ አለች፤ ከሥራ የሚመለሰውን እስረኛ እየሮጠች ተከትላ አንዲት ሳንቲም በእጁ ታስጨብጠዋለች። ሳንቲሟ ምንም አትገዛም። ሰውየው ግን ለረጅም ጊዜ ሳያጠፋ አስቀመጣት።

ከእስር በኋላ

በፌብሩዋሪ 1854 እግር ብረቱ ተፈታ። ለወንድሙ ወዲያው ሲጽፍ ከለመናቸው ነገሮች አንዱ መጽሐፍ ነበር። ከዚያ ዛሬ ካዛክስታን ውስጥ ባለች፣ ያኔ ሴሚፓላቲንስክ ትባል በነበረች ከተማ ወታደር ሆኖ አገለገለ። ፒተርስበርግ የተመለሰው በ1859 መጨረሻ ነው፤ ከታሰረ አሥር ዓመት ሆኖታል።

ከ1860 እስከ 1862 «የሙታን ቤት ማስታወሻ»ን አሳተመ። ሩሲያውያን እስር ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚደረግ በዚያ ልክ አንብበው አያውቁም ነበር። እግር ብረቱ ሳይፈታለት በሳንባ ነቀርሳ ስለሚሞተው ወጣት እስረኛ የጻፈውን ያነበበ ሰው አይረሳውም። የሚሞት ሰው የት ያመልጣል ተብሎ ነው? በ1863 ሰውን በሁለት ረድፍ ወታደር መሐል እያሳለፉ መግረፍ በሕግ ቀረ። ለውጡን ያመጣው መጽሐፉ ብቻ ነው አንልም፤ ግን ሕዝቡ ከሕጉ በፊት አንብቦ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እስሩ ያለ ጠባሳ አልለቀቀውም። የሚጥል በሽታው በግልጽ የታወቀው እዚያው ሳይቤሪያ ነው፣ እስኪሞትም አልተወውም። ከዓመታት በኋላ ቁማር አጥፍቶት ነበር። ስለዚህ እስር ሰውን ያጠነክራል የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበልም። የጠቀመው እስሩ አልነበረም። በእስሩ ውስጥ ሰዎች ያቀበሉት ነገር ነው።

በ1881 በ59 ዓመቱ ሲሞት ያ የቶቦልስኩ መጽሐፍ አጠገቡ ነበር። በመጨረሻው ቀን ባለቤቱ አና ከእሱ አነበበችለት።

ለእኛስ?

እኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እንደተረጎመው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስንቅ ቋጥረው ሰልፍ የሚይዙ እናቶችንም ሁላችንም እናውቃለን። የሚያመላልሱት ምግብ ብቻ አይምሰለን፤ አልተረሳህም የሚል መልእክት ነው የሚያመላልሱት።

ወዳጅ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት የታሰረባችሁ፣ በስደት ማቆያ ውስጥ ያለባችሁ ካላችሁ፣ ምን ላድርግለት ብላችሁ ግራ አትጋቡ። ሂዱና ጠይቁት። መሄድ ካልቻላችሁ ሰላምታ ላኩ፣ ከተፈቀደ መጽሐፍ ላኩ። ሲፈታ ደግሞ ዝም ቢል፣ ቢቆጣ፣ እንቅልፍ ቢያጣ ተለወጠ ብላችሁ አትሽሹት። እነዚያ የቶቦልስክ ሴቶች የሰጡት አንድ ሰዓትና አንድ መጽሐፍ ነው። ዶስቶየቭስኪ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ይዞት ኖረ።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አካፍሉት።