ኤድዋርድ ሩፔል እና የጣና ዓሦች

በዚህ ዘመን ካሜራውን ውኃ በማያስገባ ሣጥን ዘግቶ የሚጠልቅ ሰው ከጣት የማትበልጥ ዓሣ ከነቀለሟ ፎቶግራፍ ያነሣል። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን ባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ነበር። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ከዚያ ስድሳ ዓመት ቀድሞ ጎንደር ተቀምጦ የጣናን ዓሣ ይሰበስብ ነበር። ታዲያ ያለ ካሜራ እንዴት አድርጎ ነው ለዓለም ያሳየው?

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሀብታም ባለባንክ ስለነበሩ ልጁም ለንግድ ነበር የታሰበው። ሆኖም በ1817 ግብፅንና ሲናን አይቶ ሲመለስ ልቡ ከንግድ ወጣ። ኢጣልያ ገብቶ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ተማረ፤ ከዚያም በ1820ዎቹ ኑቢያን፣ ኮርዶፋንንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞረ።

በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና መንገዱ ለነጋዴም እንኳ የሚያስፈራ ነበር። በስሜን በኩል አልፎ በ1832 ጎንደር ገባ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የዓሦቹን ነገር ግን ማን ያነሣዋል?

ዓሣ እኮ ከውኃ ሲወጣ ቀለሙ ወዲያው መደብዘዝ ይጀምራል፤ አልኮል ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ጭራሽ ይነጣል። ስለዚህ የሩፔል ዘመን ሊቃውንት የሚተማመኑት በቅርጽ ነበር፤ ክንፉን፣ ቅርፊቱን፣ የአፉን አቀማመጥ እየቆጠሩና እየለኩ ይጽፋሉ፣ ሥዕሉም ከዚያ ይሠራል። ሩፔል ከመዘገባቸው አንዷ ትንሽ ዓሣ ናት፤ ከአፏ በታች ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ትለጠፋለች። ስሟን ከደምቢያ አገር ወስዶ ደምቤኤንሲስ አላት። ለትልልቆቹም ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ነድጊያ፣ ቤሶ የሚሉትን ስሞች የወሰደው ከአገሬው ሰው አፍ ነው። በላቲን የሳይንስ ስሞች ውስጥ የጣና አጥማጆች ቃል መገኘቱ እኔን በጣም ነው የገረመኝ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ ከ1835 እስከ 1840 በየክፍሉ ታተመ። በ1839 የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ዓሦቹን ለፍራንክፈርቱ ዜንከንበርግ ሙዚየም፣ የብራና መጻሕፍቱን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ብራናዎቹ እዚያው መቅረታቸው ቢያሳዝንም ነገሩ እንደዚህ ነው። በ1884 በዘጠና ዓመቱ አረፈ።

የዓሦቹ ጉዳይ ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። በ1973 አንድ አጥኚ ሩፔል የለያያቸውን ትልልቅ የጣና ነጭ ዓሦች ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። በ1990ዎቹ ባሕር ዳር መጥተው ከአጥማጆች ጋር የሠሩ የሆላንድ ተመራማሪዎች እንደገና ለዩአቸውና ወደ አሥራ አምስት አደረሷቸው፤ ጎርጓሪና ሱርኪስም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አጥማጁስ መቼ አደባልቋቸው ያውቃል!

እኛ ቤቴል ሆነን ዓሣ የምናየው ሳህን ላይ ነው። ጣና ላይ ደግሞ በተለይ በክረምት ጎርፍ የሚያመጣው አፈር ውኃውን ስለሚያደፈርሰው ካሜራ ይዞ የጠለቀም ሰው ከክንዱ አልፎ ለማየት ይቸገራል። ያቺን ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ዓሣ ፎቶግራፍ ለማንሣት የፈለገ ሰው በጋውን ጠብቆ፣ ውኃው ሲጠራ፣ በጣም መጠጋት አለበት።