ቢል እና የሆቴሉ ስልክ

ግንቦት 1935 (በፈረንጆቹ ነው)፣ ቅዳሜ፣ አክሮን ከተማ፣ ኦሃዮ። ሜይፍላወር ሆቴል መግቢያ ላይ አንድ ቀጠን ረዘም ያለ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከኒውዮርክ የመጣበት የንግድ ጉዳይ ከሽፎበታል። በአንድ በኩል ባሩ አለ፤ ሳቁና የብርጭቆው ድምፅ ይጠራዋል። በሌላ በኩል የሕዝብ ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ሰውዬው መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው።

ቢል ዊልሰን ይባላል። በ1895 በቬርሞንት ግዛት፣ ኢስት ዶርሴት በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። የተወለደበት ክፍል፣ ጉድ በሉ፣ ቤተሰቦቹ ያስተዳድሩት ከነበረው ሆቴል ባር ጀርባ ነበር። ልጅ እያለ አባትና እናቱ ተለያዩና የእናቱ ወላጆች አሳደጉት። እልኸኛ ነው። ቡሜራንግ መሥራት የሚችሉት የአውስትራሊያ ነባር ሰዎች ብቻ ናቸው ሲባል ሰምቶ፣ ለወራት እንጨት ሲጠርብ ከርሞ ተወርውሮ የሚመለስ ቡሜራንግ ሠራ።

የመጀመሪያዎቹን መጠጦች የቀመሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ወጣት መኮንን ሆኖ ነው። ሰው ፊት እጅና እግሩ የሚታሰርበት ዓይናፋር ስለነበር መጠጡ ምላሱን ሲፈታለት መድኃኒት ያገኘ መሰለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሎይስን አገባ፤ ከእሷ ጋር በሞተር ሳይክል አገር ለአገር እየዞረ ኩባንያዎችን ያጠና ነበር፤ ዎል ስትሪት ላይ ገንዘብ አገኘ። በ1929 ገበያው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ሎይስ ዕቃ መደብር ውስጥ እየሠራች ቤቱን ስትይዝ እሱ ብሩክሊን ባለው በአባቷ ቤት ተቀምጦ ጂን ይጠጣል። ስንቴ ማለ፣ ስንቴ አፈረሰ!

ታውንስ የሚባል ሆስፒታል ደጋግሞ ገባ። ዶክተር ሲልክዎርዝ ነገሩ የምግባር ብልሹነት ሳይሆን በሽታ መሆኑን አስረዳው። በኅዳር 1934 ደግሞ ኤቢ የሚባል የድሮ የመጠጥ ጓደኛው ሊጠይቀው መጣ። ቢል ጂን ቢቀዳለት ኤቢ እምቢ አለ፤ አቁሟል፣ ሃይማኖታዊ ቡድን ውስጥ ገብቷል። ይህ ነገር ከሐኪሙ ምክር በላይ ቢልን ሳይከነክነው አልቀረም። በታኅሣሥ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ገባ፤ እዚያ ክፍሉን የሞላ ብርሃን ያየ ሆኖ ተሰማው። ከዚያ ወዲያ አልጠጣም።

ከሆስፒታል ወጥቶ ሰካራም ፍለጋ መሮጥ ጀመረ። ይሰብካቸዋል፣ ቤቱ ያመጣቸዋል። አንድም ሰው አላቆመለትም። ግን እሱ ራሱ አልጠጣም፤ ይህን ልብ ያለችው ሎይስ ናት።

አክሮን ላይ ትዝ ያለውም ይኸው ነው። ስልኩን አነሳና ከቤተ ክርስቲያኖቹ ዝርዝር ቄስ መርጦ ደወለ። የሚፈልገው ከእሱ ጋር የሚያወራ ሰካራም ነው። ከቄሱ የስልክ ቁጥሮች ተቀብሎ አንድ በአንድ ሲሞክር ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት ጋ ደረሰ። እሷም በማግስቱ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘችው። ዶክተር ቦብ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በመጠጥ ምክንያት ሥራው አልቆለታል። ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ መጥቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆየ። የሚመክረው ሰው በዝቶበት ነበር፤ ቢል ግን ስለራሱ ውድቀት ነው ያወራው፤ እርዳታ ፈላጊውም እሱው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ዶክተሩ አንዴ ተንሸራተተ። ሰኔ 10 ቀን ቀዶ ሕክምና ነበረበትና እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ቢል ቢራ ሰጠው። የመጨረሻው መጠጡ እሱ ሆነ። አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ስማቸውን የማይገልጹ አልኮለኞች ማኅበር፣ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ሁለቱ ሆነው ሦስተኛውን ሆስፒታል አልጋ ላይ አገኙት።

ስብሰባው ዛሬም ያው ነው። ክፍያ የለም፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። የአባት ስም አይጠየቅም፤ ዝም ብሎ አዳምጦ መሄድም ይቻላል። ክፍት የሚባሉት ስብሰባዎች ዘመድም ይገባባቸዋል። ኦንላይን የሚካሄዱም ሞልተዋል፤ ቢል በሳንቲም ስልክ ያሳደደውን አሁን በኪሳችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። አንድ ነገር ግን፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊነሳበት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ነው። ቢልም በሆስፒታል በኩል ነው ያለፈው።

ቢል መልአክ አልነበረም። ለዓመታት በድብርት ተሰቃይቷል፤ በትዳሩም ታማኝ አልነበረም። ሎይስ በስብሰባው ብዛት ተናዳ ጫማ ወርውራበታለች፤ በኋላ እሷም በ1951 አል-አኖን የሚባለውን የቤተሰቦች ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሲያቀርብለት ስሜ ይወጣል ብሎ አልተቀበለም። ሲጋራ ግን አሸነፈው። ሳንባው አልቆ፣ በኦክስጅን እየተረዳ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውስኪ እንዲሰጡት ደጋግሞ ጠየቀ። የሰጠው አልነበረም። ጥር 24 ቀን 1971 ማያሚ ውስጥ ሞተ፤ ከሎይስ ጋር የተጋቡበት 53ኛ ዓመት ቀን ነበር። ሙሉ ስሙና ሥራው አንድ ላይ በጋዜጣ የወጣው ያኔ ነው።