አዳ ላቭሌስና ያልተሠራው መኪና

መኪና እንደ ሰው ማሰብ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የዛሬ ይመስላል። አዳ ላቭሌስ ግን ኮምፒውተር የሚባል ዕቃ ሳይኖር በ1843 መልስ ጽፋበታለች። (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዳ በ1815 ለንደን ተወለደች። አባቷ ስመ ጥሩው ገጣሚ ሎርድ ባይረን ነበር። ገና አራስ ሳለች ወላጆቿ ተለያዩ፤ አባቷ በ1816 አገሩን ለቆ ሄዶ ሳይመለስ በ1824 ግሪክ ውስጥ ሞተ። አዳ አባቷን ሳታውቅ አደገች። እናቷ የአባቷ ጠባይ እንዳይጋባባት ሰግታ ሒሳብ በብዛት አስተማረቻት።

በ12 ዓመቷ መብረር አማራት። የወፎችን አካል አጠናች፤ ክንፍ ከወረቀት ይሻላል ወይስ ከሐር እያለች አሰበች። ይህን እንድታደርግ ማንም አላዘዛትም፤ እንዲያውም ትምህርቷን ቸል አለች ተብላ ተገሥጻለች።

በ1829 ኩፍኝ ይዟት ሰውነቷ አልታዘዝ አላት። ለረዥም ጊዜ አልጋ ላይ ቆየች፤ ስትነሣም በክራንች ነበር የምትሄደው። ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርስቲዎች ሴት አይቀበሉም ነበር፤ ስለዚህ 3 ልጆች ከወለደች በኋላ እንኳ ከሒሳብ ሊቁ ከኦገስተስ ደ ሞርጋን ጋር በደብዳቤ እየተጻጻፈች ተማረች። እናቶች ይህን ልብ በሉልን።

በ17 ዓመቷ ያወቀችው ቻርልስ ባቤጅ ከጊዜ በኋላ ትልቅ የስሌት መኪና ነደፈ። የሐር መሸመኛው መኪና ጥለት የሚያወጣው በቀዳዳ ካርዶች እየተመራ ነው፤ የባቤጅም መኪና ትእዛዙን በካርድ እንዲቀበል ታስቦ ነበር። ሳይሠራ ቀረ። አዳ ስለ መኪናው በፈረንሳይኛ የታተመ ጽሑፍ ተርጉማ፣ ከጽሑፉ 3 እጥፍ ያህል የሚረዝም ማብራሪያ ጨመረችበት። መኪናው ከቁጥር አልፎ ሙዚቃም ሊያቀናብር እንደሚችል አየች። ነገር ግን እንድናዘው የምናውቀውን ብቻ እንደሚፈጽም፣ ከራሱ አዲስ ነገር እንደማያመነጭ ጻፈች።

በ1950 አለን ቱሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ተከራከራት፤ መኪናም እንደ ሕፃን ሊማር ይችላል አለ። የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእርግጥ ከብዙ ምሳሌ ይማራል፤ ሠሪዎቹ ያልጠበቁትን መልስም ይሰጣል። ክርክሩ አላለቀም። እኛ ግን እንዲህ ያለ መኪና እንደዚያች የ12 ዓመት ልጅ መብረር አምሮት፣ ሳይጠየቅ ተነሥቶ የወፍ ክንፍ ሲመረምር አላየንም።

አዳ በ1852 በካንሰር ሞተች፤ ዕድሜዋ 36 ነበር። በራሷ ፈቃድ ከአባቷ አጠገብ ተቀበረች።